በትንሽ ዋት የሚጮህ ስፒከርና ቲዩብ አምፕ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቲዩብ አምፕሊፋየር (ምልክቱን በመስታወት ቫክዩም ቱቦ የሚያጎላ ማጉያ) ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ አምፑ ነው። የትኛው ቲዩብ ይሻላል? ስንት ዋት? ዋጋውስ? እኔ ግን መልሴን ሁልጊዜ የምጀምረው ከስፒከሩ ነው። ስፒከሩ ሳይታወቅ ስለ አምፕ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ግምት ነው።

"በትንሽ ዋት የሚጮህ" ስፒከር ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ዋት ሲሰጠው አንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያወጣል? ይህ ቁጥር ሴንሲቲቪቲ ይባላል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታገኙት የተለመደ የቤት ስፒከር 86 ወይም 87 አካባቢ ነው። 95ን ካለፈ እኔ በትንሽ ዋት ይጮሃል እለዋለሁ። የስፒከር ኩባንያው ክሊፕሽ ከእ.ኤ.አ. 1946 ጀምሮ የሚታወቅበት፣ ክፍል ጥግ ላይ የሚቆመው ክሊፕሾርን 105 ተብሎ ይሸጣል።

በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን 3 ዴሲቤል ለመጨመር ዋቱ እጥፍ፣ 10 ለመጨመር አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ከ87 እስከ 100 ያለው ልዩነት ሃያ እጥፍ ጉልበት ነው። ባለ 8 ዋት አምፕ በ100 ዴሲቤሉ ስፒከር የሚያወጣውን ድምፅ በ87ቱ ለማውጣት 160 ዋት ያስፈልጋል።

እንዲህ ከሆነ ሁሉም ስፒከር ለምን እንደዚህ አልተሠራም?

ዱሮ ዋት ውድ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የድምፅ ፊልሞች ሲመጡ አንድ ሙሉ ሲኒማ ቤት በጥቂት ዋት መሞላት ነበረበት። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ትልልቅ ቀንድ መሳይ ሆርኖች ሠሩ። ሆርኑ ትንሹ ዲያፍራም አየሩን ጨብጦ እንዲገፋ ያደርገዋል፤ ጉልበቱ በሙቀት ከማለቅ ይልቅ ወደ ድምፅ ይለወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ኤድጋር ቪልቹር አኩስቲክ ሪሰርች በሚባለው ኩባንያው በኩል የተዘጋች ትንሽ ሳጥን ይዞ መጣ። ቤዙ ጥልቅ ነበር፤ ጉልበት ግን ትበላ ነበር። ቀጥሎ ቲዩብን የተካው ትራንዚስተር ዋትን አረከሰው። ሳሎን ውስጥ ፍሪጅ የሚያህል ሳጥን ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው እያነሰ ሄደ።

ጥልቅ ቤዝ፣ ትንሽ ሳጥን፣ ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ። ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ነው መምረጥ የሚቻለው። አንድ ማስታወቂያ መደርደሪያ ላይ ለምትቀመጥ ሳጥን 98 ዴሲቤልና እስከ 30 ኸርዝ የሚወርድ ጥልቅ ቤዝ አብሮ ቃል ከገባ አትመኑት።

8 ዋት በእውነት ይበቃል?

ስፒከሩ ከፈቀደ ይበቃል። አብረን እናስላው።

ከስፒከሮቹ 3 ሜትር ርቃችሁ ተቀምጣችኋል እንበል። ደህና ከፍ አድርጋችሁ፣ ጎረቤት ግን ሳይቆጣ ስታዳምጡ፣ ጆሯችሁ ጋ የሚደርሰው አማካይ ድምፅ 78 ዴሲቤል አካባቢ ነው። በርቀቱ ምክንያት ተራ ክፍል ውስጥ ወደ 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ስፒከሮቹ ሁለት ስለሆኑ 3 ይመለሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስፒከር በ1 ሜትር ላይ 81 ማውጣት አለበት። ከበሮው ሲመታ ወይም ትራምፔቱ ሲነሳ ድምፁ ከአማካዩ 18 ዴሲቤል ያህል ዘሎ 99 ሊደርስ ይችላል።

ባለ 100 ዴሲቤሉ ስፒከር ለአማካዩ የሚፈልገው አንድ መቶኛ ዋት ገደማ ነው። ለዝላዩ 0.8 ዋት። ባለ 87ቱ ለአማካዩ ሩብ ዋት፣ ለዝላዩ 16 ዋት ይፈልጋል። ስለዚህ 8 ዋት ያለው አምፕ በመጀመሪያው ላይ አሥር እጥፍ ትርፍ ይዞ ዘና ብሎ ይሠራል። በሁለተኛው ላይ ከበሮው በመጣ ቁጥር ጣሪያ ይነካል፤ ድምፁም ይጨማደዳል። "ቲዩብ ደካማ ነው" የሚሉ ሰዎችን የትኛው ስፒከር ላይ እንደሰሙት ጠይቋቸው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያ ነው።

የትኛው ቲዩብ ከየትኛው ስፒከር ጋር ይሄዳል?

በመጀመሪያ ሁለቱን አሠራሮች እንለይ። ሲንግል ኤንድድ የሚባለው አንድ ፓወር ቲዩብ ሙሉውን ሞገድ ብቻውን የሚሸከምበት ነው። ፑሽ-ፑል ደግሞ ሁለት ቲዩቦች ሥራውን ተካፍለው የሚሠሩበት ነው። ዋቱ ከፍ ይላል፣ ሁም የሚባለው ጉምጉምታም ይቀንሳል።

ዌስተርን ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው 300ቢ በሲንግል ኤንድድ 8 ዋት ገደማ ይሰጣል። ስፒከራችሁ 96ና ከዚያ በላይ ከሆነ ደስ ይላል። 2ኤ3 የሚሰጠው 3.5 ዋት ነው፤ ከ98 በታች አልመክረውም። ዱሮ በሬዲዮ ውስጥ የነበረው 45 ወደ 2 ዋት ብቻ ስለሆነ እውነተኛ ሆርን ላላቸው ሰዎች ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ግን ሌላ ነው፦ ኢኤል84 በፑሽ-ፑል። 15 ዋት አካባቢ ይሰጣል፣ ቲዩቡ ርካሽ ነው፣ በየትም ይገኛል፣ ከ92 እስከ 97 ካሉት ስፒከሮች ጋር በደንብ ይስማማል። ስሙ እንደ 300ቢ አይጠራም። ለብዙ ቤት ግን የተሻለው ምርጫ እሱ ይመስለኛል።

ኢኤል34 እና ኬቲ88 ፑሽ-ፑል 30፣ 50 ዋትና ከዚያ በላይ ያወጣሉ። 88 ወይም 90 የሆነ ስፒከር ካላችሁና ልትቀይሩት ካልፈለጋችሁ መንገዱ ይኸው ነው። 845 ደግሞ ውስጡ ወደ 1,000 ቮልት ይሄዳል። ካልሠለጠነ ሰው እጅ ይራቅ።

ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን ሴንሲቲቪቲ ልመን?

አጠገቡ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። "2.83 ቮልት" ካለ ልብ በሉ። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ መለኪያ ነው። 2.83 ቮልት በ8 ኦም ላይ 1 ዋት ነው፤ በ4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት። ስለዚህ "95" የተባለው ባለ 4 ኦም ስፒከር በአንድ ዋት 92 ነው። አንዳንድ ፋብሪካ ደግሞ የሚለካው ግድግዳው በሚያግዝበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ቁጥሩ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ከፍ ይላል። ከመግዛታችሁ በፊት 3 ቀንሳችሁ አስሉ፤ ያኔም ከበቃ በቅቷል።

አምፑ ጀርባ ላይ 4፣ 8፣ 16 ይላል። የቱ ጋ ልሰካ?

ስፒከሩ ላይ በተጻፈው ጀምሩ። ከዚያ ሌላውንም ሞክሩ፤ አምፑን አጥፍታችሁ። ብዙ "8 ኦም" የተባሉ ስፒከሮች በአንዳንድ ድምፆች ላይ ወደ 4 ስለሚወርዱ የ4 ኦሙ ቦታ ቤዙን ሰብሰብ ሊያደርገው ይችላል። በዚህ ሙከራ የሚበላሽ ነገር የለም። የሚበላሸው ያለ ስፒከር ቲዩብ አምፕ አብርቶ ሙዚቃ ሲለቀቅበት ነው። ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

ሲንግል ኤንድድ አምፕ ጓደኛዬ ቤት ግሩም ነበር፤ እኔ ቤት ግን ቤዙ ላላ። ለምን?

በአምፑ አውትፑት ኢምፒዳንስ (በመውጫው በኩል ባለው፣ በኦም በሚለካ ተቃውሞ) ምክንያት ሊሆን ይችላል። የስፒከር ኢምፒዳንስ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ይለዋወጣል። አንዱ ቦታ 4 ኦም፣ ሌላው ቦታ 30 ኦም ሊሆን ይችላል። ፊድባክ (ከመውጫው ጥቂት ምልክት ለእርማት ወደ መግቢያው የሚመልስ ዘዴ) የሌለው ሲንግል ኤንድድ አምፕ የራሱ 2.5 ኦም ቢኖረው በሁለቱ ቦታዎች መካከል 3.5 ዴሲቤል ልዩነት ይፈጠራል። ይህ በጆሮ በግልጽ ይሰማል። 0.1 ኦም ባለው ትራንዚስተር አምፕ ላይ ያው ልዩነት 0.2 ዴሲቤል ብቻ ነው።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ አምፕ ሴንሲቲቪቲው ከፍተኛ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ኢምፒዳንሱ ብዙ የማይዋዥቅ ስፒከር ፈልጉ። ካልሆነ ጥቂት ፊድባክ ያለው ፑሽ-ፑል ይሻላችኋል።

ፕሪአምፕ የግድ ያስፈልገኛል?

ፕሪአምፕ በምንጩና ስፒከሩን በሚነዳው ፓወር አምፕ መካከል ገብቶ ምልክቱን የሚያጎላና የሚቆጣጠር መሣሪያ ነው። ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ፓወር አምፓችሁ 1 ቮልት ሲገባለት ሙሉ 8 ዋቱን ያወጣል እንበል። ቀደም ብለን ባሰላነው ባለ 100 ዴሲቤል ስፒከር ከፍተኛው ዝላይ 0.8 ዋት ነበር። ለዚያ የሚያስፈልገው 0.3 ቮልት ገደማ ነው። ለአማካዩ 0.04 ቮልት። ሲዲ ማጫወቻው ወይም ዳኩ (ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ምልክት የሚቀይረው መሣሪያ) ደግሞ እስከ 2 ቮልት ያወጣል። ማለትም ምንም ፕሪአምፕ ሳይኖር እንኳ ምልክቱ በ16 ዴሲቤል ያህል መቀነስ አለበት።

አሁን መሃል ላይ ምልክቱን አሥር እጥፍ የሚያጎላ ቲዩብ ፕሪአምፕ አስገቡ። 20 ዴሲቤል ጨመራችሁ። ያንኑ ለመቀነስ ቮልዩሙን ወደ ታች ማፈን አለባችሁ። ውጤቱን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ፦ እጀታው እንደ ሰዓት ጠቋሚ ብታዩት ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርስ ቤቱ ይሞላል፤ ጥቂት ነካ ሲደረግ ይጮሃል። በዚያ ጥግ ላይ ደግሞ ብዙ የቮልዩም ፖቶች (መቆጣጠሪያዎች) ግራና ቀኙን እኩል አይሰጡም። ዘፋኙ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ከቮልዩሙ በኋላ የሚመጣው የፕሪአምፑ የራሱ ጫጫታ ግን አይቀነስም፤ እንዳለ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል።

ስለዚህ ምንጫችሁ ዲጂታል ብቻ ከሆነና ገመዱ አጭር ከሆነ ምልክቱን የማያጎላ ፓሲቭ መቆጣጠሪያ በቂ ሊሆን ይችላል። ፕሪአምፕ ከፈለጋችሁ ማጉላቱ አነስተኛ የሆነውን ምረጡ። 12ኤኤክስ7 የማጉላት አቅሙ 100 ነው፤ 12ኤዩ7 እና 6ኤስኤን7 ግን 20 አካባቢ ናቸው። ለላይን ፕሪአምፕ (ለሲዲና ለመሰል ምንጮች የሚሆነው) ሁለተኛዎቹን እመርጣለሁ። 12ኤኤክስ7 ቦታው የሸክላ ማጫወቻውን ደካማ ምልክት የሚያጎላው ፎኖ ውስጥ ነው።

ፕሪአምፑና ፓወር አምፑ መስማማታቸውን በምን አውቃለሁ?

የፓወር አምፑ ኢንፑት ኢምፒዳንስ ከፕሪአምፑ አውትፑት ኢምፒዳንስ ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። ቲዩብ ከቲዩብ ጋር ብዙ ጊዜ ጣጣ የለውም፤ ቲዩብ ፓወር አምፕ 100 ኪሎኦም አካባቢ ስለሚሆን። ችግሩ የሚመጣው ቲዩብ ፕሪአምፕ ከትራንዚስተር ፓወር አምፕ ጋር ሲገናኝ ነው። የፕሪአምፑ መውጫ ካፓሲተር 0.47 ማይክሮፋራድ ነው እንበል። 100 ኪሎኦም ሲያገኝ ቤዙን መቀነስ የሚጀምረው 3.4 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ማንም አይሰማውም። 10 ኪሎኦም ሲያገኝ ግን 34 ኸርዝ ላይ ይጀምራል። ያኔ ሰው "ቲዩብ ቤዝ የለውም" ብሎ ይሸጠዋል።

ስፒከሩ ዝም ባለበት ጊዜ "እምምም" ይላል። ምን ላድርግ?

ስፒከሩ ትንሿን ዋት እንደሚያጎላ ሁሉ ትንሿን ጫጫታም ያጎላል። 1 ሚሊቮልት ብቻ ጫጫታ በ100 ዴሲቤል ስፒከር ላይ፣ አንድ ሜትር ርቆ፣ 31 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል። ሌሊት ፀጥ ያለ ክፍል ራሱ 30 አካባቢ ነው። በ87ቱ ስፒከር ያው ጫጫታ 18 ስለሚሆን አይሰማም። ስለዚህ ሌላ ቤት ፀጥ ብሎ የሰማችሁት አምፕ እናንተ ቤት ሊያጉረመርም ይችላል።

ምንጩን እንዲህ ፈልጉት። አምፑን አጥፉ፤ ወደ ፓወር አምፑ የሚገቡትን ገመዶች ሁሉ ንቀሉ፤ ስፒከሩ ብቻ ይቅር። አብሩትና ቲዩቦቹ እስኪሞቁ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ጆሯችሁን መጀመሪያ ወደ ዉፈሩ (ቤዙን ወደሚያወጣው)፣ ቀጥሎ ወደ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው) አስጠጉ። አሁንም እምምም ካለ ችግሩ አምፑ ውስጥ ነው። 300ቢና 2ኤ3 አምፖች ላይ ብዙ ጊዜ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ማስተካከያ አለ፤ ድምፁ እስኪያንስ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ዝም ካለ ፕሪአምፑን ጨምሩ፤ ከዚያ ምንጮቹን አንድ በአንድ። ጉምጉምታው የተመለሰበት መሣሪያ ወይም ገመድ ተጠርጣሪው ነው። ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ግራውንድ ሉፑን (በመሣሪያዎቹ የመሬት ገመዶች መካከል የሚዞረውን ፍሰት) ያጠፋዋል።

ጉምጉምታ ሳይሆን "ሽሽሽ" ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የትርፍ ማጉላት ምልክት ነው። በእርሳስ ጫፍ ትንንሾቹን ቲዩቦች ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ። አንደኛው ስፒከሩ ውስጥ "ቲንንን" ካለ እሱን ቀይሩት።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ፦ ሁም ለማጥፋት ብላችሁ የመሬት ገመዱን አትቁረጡ። ውስጡ 300 እና 400 ቮልት አለ።

ዘመድ ከአሜሪካ አምፕ ሊያመጣልኝ ነው። ይሠራል?

ከመሳፈሩ በፊት ጀርባውን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ብዙ ሰው ቮልቱን ብቻ ነው የሚያየው። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሱቅ ውስጥ ሞልቷል። ኸርዙን ግን አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ላይ በጣም ይሞቃል፣ ይጮሃል፣ ከጊዜ በኋላም ሊቃጠል ይችላል። "50/60" የሚል ጽሑፍ ካለ ሰላም ነው። ከሌለ የ220 ወይም 230 ቮልት ሞዴሉን ይጠይቅ።

የሚቀንሰው ትራንስፎርመር አቅሙ አምፑ ከሚወስደው ቢያንስ እጥፍ ይሁን። አምፑ 8 ዋት ቢያወጣም ከሶኬቱ የሚወስደው 150 ሊሆን ይችላል፤ ቲዩቡን ማሞቅ ጉልበት ይፈልጋል።

መብራቱ ይዋዥቃል። ስታብላይዘር ልግዛ?

አዎ፣ አዲስ ቲዩብ ከመግዛታችሁ በፊት። አብዛኞቹ ትንንሽ ቲዩቦች 6.3 ቮልት ማሞቂያ አላቸው፤ አሥር በመቶ ያህል መዋዠቅ መቋቋም ይችላሉ። 220 ላይ 6.3 የሆነው፣ ማታ መብራቱ ወደ 190 ሲወርድ 5.4 ይሆናል። ከልኩ በታች ነው። ወደ 245 ሲወጣ ደግሞ 7 ይሆናል፤ ዕድሜውን ይበላዋል።

ስታብላይዘሩን ከፕሪአምፑና ከሸክላ ማጫወቻው አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ሁም ያጋባል። በርካሽ ኢንቨርተር ቲዩብ አምፕ አታስነሱ። ሞገዱ ንጹህ ስላልሆነ በስፒከሩ "ዝዝዝ" ይላል፣ ትራንስፎርመሩንም ያሞቀዋል። መብራት ሲጠፋ አምፑን አጥፉት። ተመልሶ ከረጋ በኋላ አብሩት።

የዱሮ የአማርኛ ሸክላዎች አሉኝ። ምን ልዩ ነገር ያስፈልጋል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስና ሌሎች አሳታሚዎች ያወጧቸው ትንንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው። በስቴሪዮ መርፌ ስትጫወቷቸው መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች ሲዘል የሚነሳውን ጫጫታም ያነባል። ሙዚቃው ግን ያለው በጎን እንቅስቃሴው ላይ ብቻ ነው። የሞኖ ማብሪያ ያለው ፕሪአምፕ ሁለቱን ቻናሎች ሲደምራቸው ያ የላይ ታች ጫጫታ ይጠፋፋል። የተጫጫረ ሸክላ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ፕሪአምፕ ለመግዛት በቂ ምክንያት ይኸው ነው።

የእነዚያ ቅጂዎች ሀብት መሃሉ ላይ ነው፦ የዘፋኙ ድምፅ፣ ሳክስፎኑ፣ ኦርጋኑ። 30 ኸርዝ ቤዝ የላቸውም፣ አይፈልጉምም። ሆርን ስፒከር ከትሪዮድ አምፕ (እንደ 300ቢና 2ኤ3 ያሉ ቲዩቦች ካሉት) ጋር የሚችለው ነገር ይህንኑ ነው፤ የድምፁን እርግብግቢት ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል።

ቲዩብ ስንት ጊዜ ይቆያል? ከየትስ ይገኛል?

ፓወር ቲዩቦች ብዙ ጊዜ ከ2,000 እስከ 5,000 ሰዓት፤ ትንንሾቹ ከዚያ በላይ። በቀን ሦስት ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው 3,000 ሰዓት ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ዛሬም በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ይመረታሉ። ዌስተርን ኤሌክትሪክም 300ቢን በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ሮስቪል ውስጥ እየሠራ ነው። ቀላል ስለሆኑ በሻንጣ ይመጣሉ፤ ፓወር ቲዩቦቹን ጥንድ ሆነው የተለኩትን ጠይቁ።

ልገዛ ስሄድ ምን ልሞክር?

የምታውቁትን ሙዚቃ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ምንም ሳይጫወት ትዊተሩ ላይ ጆሯችሁን አስጠጉ። ከዚያ ሰው ሲያወራ በሚሰማበት ዝቅተኛ ድምፅ አጫውቱት። በዚህ ጊዜ የዘፋኙ ቃላት አሁንም ጥርት ብለው ከተሰሙ፣ እጀታውም ዘጠኝና አሥር ሰዓት አካባቢ ካለ፣ አምፑ፣ ፕሪአምፑና ስፒከሩ ተስማምተዋል። እጀታው ገና ከመነሻው ሳይላቀቅ ከጮኸ ሻጩ ማጉላቱ አነስተኛ የሆነ ፕሪአምፕ አገናኝቶ እንዲያሰማችሁ ጠይቁት።